ጥላ የጨመረው ሠዓሊ

ይኸውላችሁ፣ የዛሬው ወሬዬ ስለ አንድ የበርማ ሠዓሊ ነው። ስሙ ባ ኛን። አገሩ ሲያከብረው «ኡ ባ ኛን» ይለዋል፤ እኛ «ጋሽ እገሌ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ዓመቱንም፣ ወሩንም፣ ቀኑንም የምጠራላችሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ አንዴ በእነሱ አንዴ በእኛ እያልኩ እንዳላምታታችሁ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

የተወለደው በ1897 ነው፣ ፓንታናው በምትባል ከተማ። ኢራዋዲ የሚሉት ታላቁ የበርማ ወንዝ ባሕር ከመግባቱ በፊት ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ በሚፈስበት ለጥ ያለ እርጥብ ምድር ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚያችው ከተማ ሌላም ሰው ወጥቷል፤ የእሱን ስም እንኳ ታላላቆቻችሁ በሬዲዮ ሲሰሙት ኖረዋል፦ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበረው ኡ ታንት። በ12 ዓመት የባ ኛን ታናሽ ነው። የውጭ ሰው ፓንታናውን ካወቃት የሚያውቃት በኡ ታንት ነው። ሠዓሊዎቹን ብትጠይቁ ግን የሚጠሩላችሁ ባ ኛንን ነው።

እንግሊዞች የታችኛውን በርማ በ1852 ሲይዙ ያ ምድር አብዛኛው ጫካና ረግረግ ነበር። በ1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ። ሩዝ የጫነ መርከብ አውሮፓ የሚደርስበት መንገድ አጠረ፣ የሩዙም ዋጋ ወጣ። ይህን የሰማ የላይኛው በርማ ገበሬ ጓዙን ጠቅልሎ ወረደ፤ ጫካውን መነጠረ፣ ውሃውን ገደበ፣ ሩዝ ዘራ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስኪመጣ ድረስ በርማ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሩዝ ወደ ውጭ ትልክ ነበር፤ በዚያ ንግድ በዓለም የሚስተካከላት አልነበረም። ስለዚህ የባ ኛንን ገጠር ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲያ የኖረ አድርጋችሁ አታስቡት። አባቶች ትናንት የመነጠሩት መሬት ነው፣ ከልጆቻቸውም እጅ ሳይውል ሳያድር በዕዳ ሊወጣ ነው። እዚያም እንደርሳለን።

ዝናቡን ደግሞ ልንገራችሁ፣ ያለ ዝናቡ ሥዕሉ አይገባችሁምና። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይወርዳል። ሴቶቹ ሰፋፊ የቀርከሃ ባርኔጣ ደፍተው፣ ታናካ የሚባለውን ከዛፍ ልጣጭ ተፈጭቶ የሚሠራ ቅባት ጉንጫቸውን ተቀብተው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው የሩዝ ችግኝ ያዛውራሉ። ብዙው ሰው ከመንደር መንደር የሚሄደው በጀልባ ነው። ዝናቡ አባርቶ ብርዱ ሲገባ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ማለዳ ማለዳ ጭጋግ ወንዙ ላይ ይተኛል፤ ጀልባው ሳይታይ የመቅዘፊያው ድምፅ ቀድሞ ይሰማል። ይህን ጭጋግ ልብ በሉልኝ፣ ለንደን ድረስ ይከተለናል።

ለመሆኑ ያ ልጅ ሥዕል ብሎ የሚያውቀው ምን ነበር? በዚያ ዘመን የበርማ ሥዕል ዋና መኖሪያው ቤተ መቅደስና ቤተ መንግሥት ነበር። በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የሚሣለው ጃታካ ነው፤ ቡድሃ ቡድሃ ከመሆኑ በፊት በሌሎች ሕይወቶች፣ አንዴ ልዑል አንዴ ጦጣ አንዴ ዝሆን ሆኖ ያሳለፈውን የሚተርከው ማለቴ ነው። ታሪኩ ረድፍ ረድፉን ይዞ ይሄዳል። ያው ልዑል በአንዱ ረድፍ ሦስት ጊዜ ሊታይ ይችላል፦ ሲነሣ፣ ሲጓዝ፣ ሲደርስ። ቀለሙ ድፍን፣ መስመሩ ጥርት ያለ ነው። ገበሬም፣ ጀልበኛም፣ ገበያተኛም አይጠፋም፤ ግን ዳር ዳሩን ነው፣ የልዑሉ ታሪክ አጃቢ ሆኖ። ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች አይታወቅም፤ ማንም ሰው መሬት ላይ ጥላውን አይጥልም። ይህን ጉድለት አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። ያ ሥዕል የሚናገረው ጧትና ማታ ስለሌለው ነገር ነው፤ ጧትና ማታ በሌለበት ጥላ ምን ይሠራል?

በ1885 እንግሊዞች የንጉሡን ከተማ ማንዳላይን ያዙ፤ ንጉሥ ቲባውን ከነንግሥቱ ሕንድ ወስደው ራትናጊሪ ላይ አስቀመጡት። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊዎች ጌታ አጡ። ከእነሱ መካከል ስመ ጥሩ ሳያ ቾን እስከ 1917 ኖሮ የጠፋውን የቤተ መንግሥት ሥርዓት ሲሥል ዕድሜውን ጨረሰ። የፈረንጅ አሣሣል እንኳ ማንዳላይ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ሰርጎ መግባት ጀምሯል፤ ቤቱ እየራቀ ሲሄድ ማነስ፣ ዛፉ መደብዘዝ ለምዷል። ግን ያ ሁሉ በሩቅ የተሰማ ነገር ነበር። ከምንጩ የተማረ የለም ማለት ይቻላል።

ባ ኛን ራንጉን ገባ። ራንጉን፣ የዛሬዋ ያንጎን፣ እንግሊዞች በሠሩት ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ የተከፋፈለች የወደብ ከተማ ናት፤ ባንኩ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የመርከብ ኩባንያው ሁሉ የእነሱ። ከተማዋን ከላይ የሚያያት ግን እንግሊዝ አልነበረም። ሽዌዳጎን ነበር፤ ኮረብታ ላይ የቆመ፣ 100 ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ በወርቅ የተለበጠ ፓጎዳ፣ የቡድሂስቶች መቅደስ።

በዚያች ከተማ ሥዕል የሚወዱ እንግሊዞች ተሰባስበው የበርማ የሥዕል ክበብ የሚሉትን አቋቁመው ነበር። ከፊታውራሪዎቹ አንዱ የምድር ባቡር ሹም ነው። እነዚህ ሰዎች በቀን ደብዳቤ ይፈርማሉ፣ በዕረፍታቸው ብሩሽ ያነሣሉ። ክበቡ በርማውያን ወጣቶችንም ያስገባ ነበር፤ ከገቡት ውስጥ ሁለቱ በኋላ የአገሪቱን ሥዕል ተካፍለው የሚይዙት ናቸው፦ ባ ኛን፣ እንዲሁም በስድስት ዓመት የሚበልጠው ባ ዛው። ባ ዛው የውሃ ቀለም ሰው ነው፤ ወረቀቱ ከሥር እስኪያበራ ድረስ እያቀጠነ ይቀባል። ባ ኛን ደግሞ ድፍኑን፣ ወፍራሙን ቀለም ወደደ።

የጫማውን ነገር ሳልነግራችሁ ባልፍ ታሪኩ ይጎድላል። ፓጎዳ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ጫማችሁን አውልቃችሁ የምትገቡ ሰዎች ናችሁ። እንግሊዞቹ ግን ከነቦቲያቸው ይወጡ ነበር። በ1916 ቴን ማውንግ የሚባል ጠበቃ ይህ ነገር ይቅር ብሎ ተነሣ፤ የቡድሂስት ወጣቶች ማኅበርም ነገሩን ያዘው። ሌዲ ሳያዶ የተባሉት ታላቅ መነኩሴ በጫማው ጉዳይ መጽሐፍ ጻፉ። በጥቅምት 1919 ማንዳላይ ውስጥ ጫማ እንዳደረጉ ፓጎዳ የገቡ አውሮፓውያን ላይ መነኮሳት ተነሡባቸው፤ ከመነኮሳቱ አንዱ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ያም ሆኖ መንግሥት ወደኋላ አለ፦ በፓጎዳ ግቢ ምን ይለበሳል፣ ምን ይወለቃል የሚለውን የፓጎዳው አለቆች ይወስኑ አለ። ከዚያ ወዲያ ብዙው እንግሊዛዊ ጫማውን ከማውለቅ መቅረቱን መረጠ።

እስቲ ይህን በሠዓሊ ዓይን እዩት። ያስተማሩት ሰዎች የአገሩን ትልቁን ሥዕል፣ ወርቁን፣ ከማዶ ቆመው በሩቅ የሚያዩ ሆኑ። ተማሪው ግን ባዶ እግሩን ደረጃውን ይወጣል። ቀትር ላይ የሚፋጀው ንጣፍ፣ ከዝናብ በኋላ ወርቁ ተገልብጦ የሚታይበት እርጥቡ ድንጋይ፣ የሻማው ጭስ፣ ሁሉም የእሱ ነው። እውቀቱ በእነሱ በኩል ነው፣ መግቢያው በእሱ በኩል።

በታኅሣሥ 1920 የራንጉን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ሽዌዳጎን ኮረብታ ሥር ሰፈሩ። በዓመቱ፣ በ1921፣ ያው ተማሪዎቹ የተጣሉት መንግሥት ባ ኛንን ሥዕል እንዲማር ወደ ለንደን ላከው። ሁለቱን አብሬ ሳያቸው ይገርመኛል፤ የአገሩ ልጆች በእንግሊዝ ትምህርት ላይ ባመፁ ማግስት እሱ ያንኑ ትምህርት ፍለጋ መርከብ ተሳፈረ። ከሃዲ የሚለው አይጠፋም። እኔ አልለውም። ብረት የሚያቀልጥ ሰው ወናፉ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ለንደን የገባው ወደ ንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ነው። ከዚያ ፍራንክ ስፔንላቭ ወደሚባል ሠዓሊ ተጠጋ። ስፔንላቭ «ቢጫው በር» የሚባል የሥዕል ትምህርት ቤት ነበረው፤ ሰውየው ራሱ የሚታወቀው ከባሕር ማዶ ባለው ዝቅተኛ አገር በሚሥላቸው እርጥብ፣ ጭጋጋማ፣ ፀሐይ የራቀቻቸው መልክዓ ምድሮች ነው። አሁን ጭጋጉን ልብ በሉ ያልኳችሁ ለምን እንደሆነ ገባችሁ። የረግረጉ አገር ልጅ ጭጋግ ለማየት ለንደን መሄድ አያስፈልገውም፤ ከእናቱ ቤት ደጃፍ ነበረ። ያልነበረው ሸራ ላይ ማስቀመጫው ዘዴ ነው።

ዘዴውን ላሳያችሁ። ጀማሪ ሠዓሊን ጭጋግ ሣል ብትሉት ነጭ ቀለም ያነሣል። ይቀባዋል፤ ጭጋጉ ሊጥ ይሆንበታል። የዚያ ዘመን የጭጋግ ሠዓሊዎች የሚሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። መጀመሪያ ቀለሙን እርሳው፤ ዓይንህን ጨፈን አድርገህ የቱ ይጠቁራል፣ የቱ ይፈካል ብለህ ብቻ ተመልከት። ቅርብ ያለው ጀልባ ጥቁር ቡናማ ይሁን። ከእሱ ፈንጠር ያለው ግራጫ። ከማዶ ያለው ዛፍ ከሰማዩ በጥቂቱ ብቻ ይጥቆር፣ ሰው ልብ ካላለ የሚያልፈው ያህል። ከዚያ ቀለሙ ሳይደርቅ የጀልባውን ጠርዝ በደረቅ ብሩሽ ቀስ ብሎ ዳበስ ማድረግ ነው። እንጨቱ የት እንዳለቀ፣ ውሃው የት እንደጀመረ መለየት ሲያቅትህ ጭጋጉ መጣ ማለት ነው። ጭጋግ ብለህ የቀባኸው ነገር ግን የለም፤ ያደረግኸው ጨለማውን እንደየርቀቱ ማከፋፈል ነው።

ወደ አገሩ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ፤ በሁለተኛው ጉዞ ባ ዛውም ለንደን ነበር። ባ ኛን ለዘለቄታው አገሩ የገባው በ1930 ነው።

ወይ 1930! ለመግባት የተመረጠ ዓመት አይደለም። በግንቦት ምድር ተንቀጠቀጠ፤ ባጎ ከተማ ውስጥ በመቶዎች ሞቱ፣ ሽዌሞዶ የሚባለው ጥንታዊ ፓጎዳም ወደቀ። በዚያው ወር ራንጉን ወደብ ላይ በሕንድና በበርማ ጉልበት ሠራተኞች መካከል ደም ፈሰሰ። የዓለም ገበያ ተንኮታኩቶ የሩዝ ዋጋ አዘቅት ገባ። በታኅሣሥ ሳያ ሳን የሚባል ሰው ታራዋዲ በተባለው አገር ገበሬውን አስነሣ፤ እንግሊዞች በዓመቱ ሰቀሉት። የመሬቱን ነገር እደርስበታለሁ ብያችሁ አልነበር? በዋና ዋናዎቹ የሩዝ ወረዳዎች ከደቡብ ሕንድ የመጡት ቼቲያር የሚባሉ አበዳሪዎች በ1930 የያዙት መሬት 6 ከመቶ ገደማ ነበር። በ1938 እጃቸው የገባው 25 ከመቶ ደረሰ። አበዳሪው መሬት ፈልጎ አልነበረም፣ ገንዘቡን ነበር የፈለገው፤ ገበሬው ግን የሚሰጠው ሌላ ነገር አልነበረውም።

እንግዲህ ባ ኛን በዚህ ጊዜ ነው ጀልባውን፣ የወንዙን ዳር፣ ጉልበት አዳሪውን፣ ፓጎዳውን በዘይት ቀለም የሚሥለው። ሥዕሎቹ የተረጋጉ ናቸው። ጀልበኛው ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት አታውቁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህ ነገር እኔን ይከነክነኛል። ሸራ የሚገዛ አቅም የነበረው ባለሥልጣኑና ባለ ሀብቱ ነው፤ ገዥ ደግሞ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ዓመፀኛ አይሰቅልም። በሌላ በኩል ግን አስቡት፦ ያ በጃታካው ግድግዳ ጥግ ላይ የልዑል አጃቢ የነበረው ጀልበኛ አሁን ሸራውን ሞልቶት ቆሟል። ልዑሉ የለም። ታሪኩ የጀልበኛው ታሪክ ነው፣ ሰዓቱም ከጧቱ የሆነ ሰዓት ነው፣ ጥላው ከእግሩ ሥር ወጥቶ ውሃው ላይ ተዘርግቷል። ዕዳውን አልሣለም፤ ሰውየውን ሣለው። ከሁለቱ የቱ ይበልጣል ብላችሁ ብትይዙኝ መልሴ በየቀኑ ይለዋወጣል።

ወደ ወርቁ ልመለስ፣ ከሁሉ የሚደንቀኝ እሱ ነውና። በበርማ ወርቅ መቀባት አምልኮ ነው። ምእመኑ እንደ ክንፍ የሳሳች የወርቅ ቅጠል ገዝቶ ምስሉ ላይ በጣቱ ይለጥፋል። በ15ኛው መቶ ዘመን የነገሠችው ንግሥት ሺንሶቡ ክብደቷን ያህል ወርቅ አስመዝና ለሽዌዳጎን ሰጠች ይባላል። የድሮው ሠዓሊም ወርቅ ሲፈልግ ወርቅ ይለጥፍ ነበር፤ አለቀ። የዘይት ቀለም ሠዓሊ ግን ሳጥኑ ውስጥ ወርቅ የለውም። ያለው ቢጫ አፈር፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ ነው። በእነዚህ ወርቅ ሥራ ተባለ።

ወጥቶ ያየው ሰው እንደሚያውቀው ወርቅ ቢጫ ሆኖ አይውልም። ንጋት ላይ ሮዝ ይነካዋል። ቀትር ላይ ዓይን እስኪያም ነጭ ይሆናል። የዝናብ ደመና ሲመጣ ደመናውን ተቀብሎ አመድማ ይመስላል፤ በጥላው በኩል ደግሞ ወይን ጠጅ የሚመስል ቡናማ አለው። ስለዚህ ሠዓሊው ከፓጎዳው አብዛኛውን ጎን በዚያ በደብዛዛው ቡናማና ግራጫ ይሞላዋል። በመጨረሻ፣ ፀሐይ በምትመታው መስመር ብቻ፣ ወፈር ያለ ፈዛዛ ቢጫ አንድ ጊዜ ያሳርፋል። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ ስታዩት ጭቃ ነው። አምስት እርምጃ ራቅ በሉ፦ ወርቅ! ወርቅ ያደረገው ቢጫው አይደለም፣ ዙሪያውን የከበበው ጥላ ነው። ቅድም ጥላ ምን ይሠራል ብዬ ነበር፤ ይኸው።

ከባ ኛን ወዲህ የመጣ የበርማ የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ሁሉ አንድ ቀን የማይቀርለት ፈተና አለበት፤ እሱም ባጋን ነው። ከ11ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዘመን የነገሡ ነገሥታትና ባለጸጎች ኢራዋዲ ዳር ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ ያሠሯቸው ቤተ መቅደሶችና ፓጎዳዎች ዛሬም ከ2,200 በላይ ቆመዋል። ጡቡ ቀይ ነው፣ አፈሩም ቀላ ያለ ነው፣ ማታ ማታ የበሬ ጋሪ ሲያልፍ አቧራው ሁለቱን ያገናኛል። ደግሞ ሙዚየም አይምሰላችሁ፤ በቤተ መቅደሶቹ መካከል ገበሬው ሰሊጥና ኦቾሎኒ ያርሳል፣ ፍየል ይጠብቃል፣ ዘንባባ ላይ ወጥቶ ጠላ የሚሆነውን ውሃ ይቀዳል። መቅደስና እርሻ እዚህ አጥር የላቸውም። ወደ ውስጥ ብትገቡ ከ700 ዓመት በላይ የሆነው የግድግዳ ሥዕል አለ፣ ያ ጥላ የሌለው። ሠዓሊው ከውጭ ሸራውን ወጥሮ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ የቤተ መቅደሱን ጥላ ለመያዝ ይሯሯጣል።

ባ ኛን ባያስተምር ኖሮ ይህ ሁሉ ከእሱ ጋር ይቀር ነበር። ከተማሪዎቹ ንግዌ ጋይንግን ብቻ ልንገራችሁ፤ ሳን ዊንና ቴን ሃንም አሉ፣ ለሌላ ጊዜ። ንግዌ ጋይንግ በ1901 በደቡብ ባሕር ዳርቻ በዳዌይ ከተማ ተወለደ። ራንጉን ሲመጣ እንጀራው የመጽሔት ሥዕልና የሲኒማ ማስታወቂያ ነበር። የሲኒማ ማስታወቂያ ቀላል ትምህርት ቤት አይደለም፤ ፊቱ ከመንገድ ማዶ መታወቅ አለበት፣ እስከ ዓርብም መድረቅ አለበት። ፈጣን እጅ ይዞ ወደ ባ ኛን ሲመጣ ዘይት ቀለምን ከእሱ ወሰደ። የውሃ ቀለሙንም አልተወም። ባ ኛንና ባ ዛው የተካፈሉትን እሱ በአንድ እጁ ሰበሰበው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1941 የጃፓን አውሮፕላኖች ራንጉንን ደበደቡ፤ አውሮፕላን ለማየት ደጅ የወጣ ሕዝብ ከሺህ በላይ አለቀ። በመጋቢት 1942 ከተማዋ ተያዘች። በዚያው ዓመት ባ ዛው ሞተ። ቀጥሎ ደግሞ የእንግሊዝና የአሜሪካ ቦምብ ተራውን ያዘ።

     

እንግሊዞች በግንቦት 1945 መጀመሪያ ራንጉን ተመልሰው ገቡ። ባ ኛን ብዙ አልቆየም፤ ጥቅምት 12 ቀን 1945 በ48 ዓመቱ ሞተ። በጦርነቱ ብዙ ሥራው ጠፍቷል። የተረፈው ጥቂቱ ዛሬ በብሔራዊ ሙዚየሙና በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛል። አገሩ ነፃ ስትወጣ፣ ጥር 4 ቀን 1948፣ እሱ አልነበረም።

ንግዌ ጋይንግ ግን ነበር። ነፃነት ባመጣው ዘመን የአገሪቱ አንደኛ ሠዓሊ እሱ ሆነ፣ በ1950ዎቹም የመምህሩን ለንደን ራሱ ሄዶ አያት። በ1952 ያንጎን ላይ የመንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አሁን የለንደን መርከብ ሳይጠበቅ ጥላና ብርሃን በበርማኛ የሚማሩበት ክፍል ተገኘ። ከንግዌ ጋይንግ፣ ከሳን ዊንና ከቴን ሃን የተማረው ሉን ጅዌ በዚያ ትምህርት ቤት ለብዙ ዘመን አስተማረ፤ የተወለደው ባ ኛን አገሩ በገባበት በ1930 ነው። ሉን ጅዌ የመምህሮቹን ጨለማ አልወደደም፤ ሴቶቹን፣ ገዳማቱን፣ የበዓል ቀኑን በሚርገበገብ ብርሃን ሞላቸው። ባ ኛን ጥላ ጨመረ፣ የተማሪዎቹ ተማሪ ጥላውን ቀለም አለበሰው።

ከዚያም በ1960 በዚያው በኢራዋዲ ረግረግ፣ ዳኑብዩ በምትባል ከተማ፣ ሚን ዌ አውንግ ተወለደ። ያንጎን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ሥዕሉን ምናልባት ሳታውቁት አይታችሁት ይሆናል፦ መነኮሳት ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ባዶ እግራቸውን፣ ተራ ይዘው ይሄዳሉ፤ የሚሄዱበት መንደር የለም፣ ዛፍ የለም፣ ወንዝ የለም። ከላይ እስከ ታች ድፍን ወርቃማ ነው። በሲንጋፖርም በአውሮፓም ጥሩ ይሸጣል። የድሮው ሠዓሊ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ወርቅ መልሶ አመጣው የሚሉ አሉ፤ ገበያ ነው የሚሉም አሉ፣ ሁለቱም ውሸታቸውን አይደለም። እኔ ግን እነዚያን ሥዕሎች ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ታች ነው። ከመነኮሳቱ ተረከዝ የሚነሣ ጥላ አለ፤ መሬት በሌለበት ወርቅ ላይ የወደቀ። ያንን ከጃታካው ግድግዳ አላገኘውም።